ቁልፉ አንድ፣ ባይቱ ሁለት

አንድ አንባቢ እንዲህ ሲል ጽፎልኛል፦ «ፒኤችፒ ላይ በኤኢኤስ 256 ሲቢሲ ኢንክሪፕት ያደረግኩትን ጽሑፍ ጃቫ መክፈት አቃተው። ቁልፉን ፊደል በፊደል አመሳክሬያለሁ፣ አንድ ነው። መጀመሪያ ርዝመቱ የ16 ብዜት አይደለም አለኝ። መጨረሻው ላይ ዜሮ ባይት ሞልቼ ባስተካክለው ደግሞ ፓዲንጉ ልክ አይደለም ይላል። ችግሩ ጃቫ ነው ወይስ እኔ?» ኮዱንም አያይዞ ልኮታል። (ለአዲስ አንባቢ፦ ፒኤችፒና ጃቫ የፕሮግራም ቋንቋዎች ናቸው። ኤኢኤስ ጽሑፍን በቁልፍ የሚመሰጥር ዘዴ ነው፣ ሲቢሲ ደግሞ ብሎኮቹን እያያያዘ የሚመሰጥርበት አሠራር። ፓዲንግ የመጨረሻውን ብሎክ ለመሙላት የሚጨመር ባይት ነው።)

ወንድሜ፣ ጃቫን ተወው፣ ንጹሕ ነው። ኮድህ ውስጥ ሁለት ስህተት ተደራርቧል።

ከመጀመሪያው ኤረር እንነሳ። ያንን ዜሮ ባትሞላ ጥሩ ነበር፤ ኤረሩ እውነቱን ነበር የነገረህ። የሞከርክበት ጽሑፍ 20 ባይት ነው። ኤኢኤስ በ16 ባይት ብሎክ ስለሚሠራ፣ 20ው በፓዲንግ ወደ 32 ያድጋል። ከፊቱ 16 ባይት አይቪ (ምስጠራውን የሚያስጀምር የዘፈቀደ ባይት) ቀጥለሃል። ስለዚህ ጃቫ ጋ መድረስ የነበረበት 48 ባይት ነው። የደረሰው ግን 60 ነው። አይቪውን ስትቀንስ 44 ይቀራል። 44 ከየት መጣ? 32 ባይት ወደ ቤዝ64 (ባይትን በተራ ፊደላት የሚጽፍ አጻጻፍ) ሲቀየር የሚወጣው የፊደል ብዛት ነው።

የፒኤችፒው ኦፕንኤስኤስኤል ኢንክሪፕት የሚባለው ፈንክሽን፣ ካልከለከልከው በቀር ውጤቱን ራሱ ቤዝ64 አድርጎ ነው የሚሰጥህ። አንተ አይቪውን ፊቱ ላይ ቀጠልክና ሁሉንም ድጋሚ ቤዝ64 አደረግከው። ጃቫ የላይኛውን ሽፋን ገፎ፣ የውስጠኛውን እንደ ምስጢር ሊፈታ ሞከረ። «ኦፕንኤስኤስኤል ሮው ዳታ» የሚባለውን አማራጭ ስትሰጠው ይሄኛው ያልቃል።

ሁለተኛው ተንኮለኛ ነው። ቁልፍህ 64 የሄክስ ፊደል ነው (ሄክስ አንዱን ባይት በሁለት ፊደል ይጽፋል)፣ ማለትም 32 ባይት። ጃቫ ላይ በትክክል ከሄክስ ወደ ባይት ቀይረኸዋል። ፒኤችፒ ላይ ግን ስትሪንጉን እንዳለ ነው የሰጠኸው፤ ለእሱ ያ 64 ባይት ነው። የሚያስፈልገው ደግሞ 32። ታዲያ ምን አደረገ? ምንም ሳይተነፍስ የመጀመሪያዎቹን 32 ፊደላት ወስዶ ሌላውን ጣለው። ቁልፉ ቢያጥር ኖሮም ጎደሎውን በዜሮ ባይት ሞልቶ ይቀጥል ነበር። ጃቫ እንዲህ ያለ ርዝመት ብትሰጠው አሻፈረኝ ይላል። እኔ የሚጮኸውን እመርጣለሁ።

ፊደል በፊደል ማመሳከርህ ያልረዳህ ለዚህ ነው። ኤኢኤስ ፊደል አያውቅም፣ ባይት ነው የሚያውቀው። በሁለቱም ቋንቋ ልክ ኢንክሪፕት ሊደረግ ሲል ቁልፉን፣ አይቪውንና ጽሑፉን ከነርዝመታቸው በሄክስ አውጥተህ ጎን ለጎን አስቀምጥ። በሙከራ ቁልፍ ይሁን እንጂ፣ እውነተኛውን ሎግ ላይ እንዳትጥለው። የአማርኛ ጽሑፍ ከሆነ ደግሞ «ሰላም» 3 ፊደል ቢሆንም በዩቲኤፍ-8 ኢንኮዲንግ (ፊደልን ወደ ባይት መቀየሪያ) 9 ባይት ነው። ከጃቫ 18 በፊት ባለው ስሪት ኢንኮዲንጉን ካልገለጽክለት የማሽኑን ይወስዳል። ላፕቶፕ ላይ ሠርቶ ሰርቨር ላይ እምቢ የሚል ኮድ ብዙ ጊዜ ጣጣው ይሄ ነው።

ግራ ሲገባኝ የማደርጋት አንዲት ነገር አለች። ዲክሪፕት ሳደርግ «ኖ ፓዲንግ» ብዬ አዘዋለሁ። ያኔ የፓዲንግ ኤረር የለም፤ የወጣውን ባይት በዓይኔ አየዋለሁ። ሁሉም ዝብርቅርቅ ካለ ቁልፉን እጠረጥራለሁ። የመጀመሪያው 16 ባይት ብቻ ተበላሽቶ ሌላው ከተነበበ ግን አይቪው ነው፤ ሲቢሲ ላይ የአይቪ ስህተት ከመጀመሪያው ብሎክ አያልፍም። ባንተ ጽሑፍ ሁሉም ሲስተካከል፣ ዋጋው 12 የሆነ ባይት መጨረሻ ላይ 12 ጊዜ ተደርድሮ ታያለህ። ፓዲንጉ እሱ ነው። የፓዲንጉን ደንብ ጃቫ ፒኬሲኤስ5፣ ሌላው ፒኬሲኤስ7 ማለቱ አያስጨንቅህ፤ ኤኢኤስ ላይ ልዩነት የላቸውም።

አሁን ኮዱን ከመነካካትህ በፊት፦ በዚህ መንገድ የተመሰጠረ ዳታ ዳታቤዝ ውስጥ አለ? ከሌለ ፒኤችፒ ላይ የሮው ዳታውን አማራጭ ስጥ፣ ቁልፉንም ከሄክስ ወደ ባይት ቀይረው፣ ጨረስክ። ካለ ግን ዝም ብለህ እንዳታርመው፤ የድሮው ዳታ ይቆለፍብሃል። ይልቅ ጃቫን ከስህተቱ ጋር አስማማው። የቁልፉን የመጀመሪያ 32 ፊደላት እንደ ተራ አስኪ (አንድ ፊደል አንድ ባይት) ባይት ይውሰድ። የውጪውን ቤዝ64 ይፍታ፣ 16 ባይት አይቪውን ይለይ፣ የቀረውን ድጋሚ ከቤዝ64 ይፍታ። ያስጠላል፣ ግን ይከፍታል። እግረ መንገድህን እወቀው፦ 32 የሄክስ ፊደል የሚይዘው 128 ቢት ነው። ስሙ 256 ቢሆንም ጥንካሬው የ128 ነው። ለድንጋጤ ግን አያበቃም።

ለአዲሱ ዳታ ጂሲኤም የሚባለውን ሌላ የኤኢኤስ አሠራር ተጠቀም፤ ቁልፉ ከተሳሳተ ወይም ዳታው ከተነካካ በግልጽ ይነግርሃል። ከቤዝ64ው ፊት «2:» ብለህ ምልክት አድርግበት። ሁለት ነጥቡ ቤዝ64 ውስጥ ስለማይገኝ ከድሮው ጋር አይምታታም። በየመልእክቱ አዲስ 12 ባይት ኖንስ (እንደ አይቪ፣ አንዴ ብቻ የሚያገለግል ባይት) ይኑረው። አንድ ማሰናከያ አለ፦ ጃቫ 16 ባይቱን ታግ (ዳታው አለመነካካቱን የሚያረጋግጥ ማኅተም) ከምስጢሩ ጫፍ ላይ አያይዞ ነው የሚሰጥህ፣ የሚጠብቀውም እንደዚያው ነው። ፒኤችፒ ግን ታጉን ለብቻው በሌላ ቫሪያብል ያስቀምጠዋል። ስለዚህ ፒኤችፒ ላይ መጀመሪያ ኖንሱን፣ ቀጥሎ ምስጢሩን፣ መጨረሻ ታጉን ራስህ ቀጥለህ ላክ።