የአባትህ ሸክላዎች እና ከጅቡቲ የመጣው ቴክኒክስ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፣ ድሬዳዋ

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? የምጽፍልዎት ከሳቢያን ነው። ሠርግና ልደት ላይ ዲጄ ሆኜ እሠራለሁ። እስካሁን የምጫወተው በኮንትሮለርና በላፕቶፕ ነው፤ ሴራቶ የሚባለውን የዲጄ ፕሮግራም ነው የምጠቀመው። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። ሲያርፍ ስድሳ የሚሆኑ ባለ 45 (በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩ) ሸክላዎች ትቶልኛል፤ አብዛኞቹ የአምሃና የካይፋ ኩባንያዎች ናቸው። አሁን ሁለት ሸክላ ማጫወቻ ልገዛ ነው። አንድ ሰው ከጅቡቲ ያስገባቸው ሁለት ቴክኒክስ ኤስኤል 1200 ማርክ 2 አሉት፣ ጃፓን አገር ያገለገሉ ናቸው ይላል። ዱባይ ያለው ወንድሜ ደግሞ ‹አቦ፣ አሮጌ ዕቃ ምን ያደርግልሃል፣ አዲስ ፓዮኒር ፒኤልኤክስ 1000 ልላክልህ› ይለኛል። ዋጋቸው ብዙ አይራራቅም። እርስዎ ቢሆኑ የቱን ይገዛሉ? የአባቴን ሸክላዎች እንዳላበላሽም እፈራለሁ።»

መልስ፦ ልጄ፣ አባትህን ነፍስ ይማር። ከመጨረሻዋ መስመርህ ልጀምር፣ ምክንያቱም ማጫወቻ በገንዘብ ይተካል።

አምሃ እሸቴ የሸክላ ኩባንያውን የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው፤ እስከ 1975 ነው የዘለቀው። ካይፋም ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም፤ ካሴት መጣና ሸክላን ከገበያ አስወጣው። አንተ ሳጥን ውስጥ ያሉት ከነዚያ ጥቂት ዓመታት የተረፉ ናቸው። የዲጄ መርፌ ደግሞ እንዳይዘል ተብሎ የተሠራ ነው፤ በ3 ግራም አካባቢ ተጭኖ ነው የሚሄደው። ዘፈኑ የሚጀምርበትን ቦታ ለመያዝ ሸክላውን ወደፊት ወደኋላ ስታደርገው ያችኑ አንድ ቦታ ደጋግመህ ትፍቃታለህ። ከጊዜ በኋላ የዘፈኑ መግቢያ ላይ ‹ሽሽሽ› የሚል ድምፅ ይቀራል፣ እሱም አይወጣም። በእጄ ካለፉት የሠርግ ቤት ሸክላዎች ብዙዎቹ መሐላቸው ደህና ሆኖ መግቢያቸው ብቻ የተበላ ነበር። ክራሩ ወይም ሳክስፎኑ ገና ብቻውን የሚሰማበት፣ ሰው ተነሥቶ የሚያጨበጭብበት ቦታ ማለት ነው።

ስለዚህ ሁለት ዓይነት መርፌ ያዝ። አንዱ ለስላሳ፣ በ2 ግራም ወይም ከዚያ በታች የሚጫን ይሁን። በሱ እያንዳንዱን ሸክላ አንድ ጊዜ አጽድተህ፣ አጫውተህ ላፕቶፕህ ላይ ቅዳው። ግብዣ ላይ የምትገፋውና የምትጎትተው የሴራቶን መቆጣጠሪያ ሸክላ ይሁን። እሱ ላይ የተቀረጸው ዘፈን አይደለም፣ ኮምፒውተሩ የት ቦታ እንዳለህና በምን ፍጥነት እንደምትሄድ የሚያነብበት ምልክት ነው። ቢያልቅ ሌላ ትገዛለህ። የአባትህን ሸክላ ራሱን ማሰማት ካማረህ (ያምርሃል፣ እኔም ያምረኛል) ከመግቢያው አስነሥተህ እስከ መጨረሻው ሳትነካው ተወው።

አሁን ወደ ጥያቄህ። እኔ ብሆን ማርክ 2ቱን እገዛለሁ፤ ግን ከፍቼ ካየሁት በኋላ ብቻ።

ቴክኒክስ የመጀመሪያውን 1200 ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው፣ አባትህ ምናልባት እነዚያን ሸክላዎች በሚገዛበት ዘመን። የተሠራው ቤት ውስጥ ተቀምጦ ሙዚቃ ለሚሰማ ሰው ነበር። ማርክ 2 በ1979 ሲመጣ ነው ዲጄዎች የራሳቸው ያደረጉት። ሞተሩ ቺንጋ የለውም፣ ሸክላው የሚያርፍበት ሳህን ራሱ ሞተሩ ላይ ተቀምጦ ነው የሚዞረው። ፍጥነቱን የሚጠብቀው ኳርትዝ ነው፣ እንደ ሰዓት። ስትለቀው በ0.7 ሰከንድ ሙሉ ፍጥነቱን ይይዛል። 12 ኪሎ ያህል ይከብዳል፣ ክብደቱም ጥቅም አለው፤ ስፒከር አጠገብ ሲቀመጥ ባሱ በቀላሉ አያንቀጠቅጠውም።

ወንድምህ የሚልከው ፓዮኒር እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ነው፤ የማርክ 2ን መልክ ይዞ የጎደለውን የሞላ ጥሩ ማሽን ነው። የማስነሻ ጉልበቱ የማርክ 2ን ሦስት እጥፍ ያህላል፤ 1.5 የነበረውን 4.5 ኪሎግራም ሴንቲሜትር አድርሰውታል። ገመዶቹ ተነቃይ ናቸው። ፒቹ፣ ማለትም ፍጥነቱን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ተንሸራታች፣ በ8፣ በ16 እና በ50 በመቶ ይመረጣል። ማርክ 2 ላይ 8 በመቶ ብቻ ነው ያለህ።

ይህን ሁሉ አውቄ ነው አሮጌውን የመረጥኩልህ። አንተ የምትጫወተውን ሙዚቃ አስብ። እነዚያ ሸክላዎች ላይ የሚጫወተው ሰው ነው። ከበሮ መቺው ሲሞቀው ይፈጥናል፣ ዘፋኙ ሲያንጎራጉር ባንዱ ይጠብቀዋል። ሁለት የዚያን ዘመን ዘፈኖች ምታቸውን ለማግጠም ጣትህ ከፒቹ ላይ አይነሣም። እዚህ ላይ የሚጠቅምህ ጠባቡ 8 በመቶ ነው፣ ተንሸራታቹ ረጅም ሆኖ እያንዳንዷን ሚሊሜትር ትጠቀምባታለህ። ደግሞም 6 በመቶ ከፍ ስታደርግ ዘፈኑ ግማሽ ድምፅ ወደ ላይ ይወጣል። ትዝታን ከሌላ ትዝታ ጋር ስታገናኝ መነሻ ድምፃቸው ካልገጠመ ጆሮ ያለው ሰው ወዲያው ፊቱን ያዞራል። 50 በመቶማ ለኛ ዘፈን ምን ይሠራል? ሸክላ ወደፊት ወደኋላ እየፋቀ (ስክራች እያደረገ) ውድድር ለሚገባ ልጅ ግን ፓዮኒሩን ነበር የምለው፣ ጉልበቱ ለሱ ነው።

ሁለተኛው ምክንያቴ ጥገና ነው። ማርክ 2 ውስጡ ሰፊ ነው፤ ክፍሎቹ ትልልቅ፣ የኤሌክትሪክ ሥዕሉ የታወቀ፣ በካቻቪቴና በብየዳ የሚሠራ። ስንት ጊዜ እንደከፈትኩት ቁጥሩን አላውቀውም። አንድ ነገር ሲበላሽ ያ አንድ ነገር ይቀየራል።

ነገር ግን «ጃፓን አገር ያገለገሉ» ያልከው ቃል አስደንግጦኛል። ጃፓን የቤት መብራቱ 100 ቮልት ነው፣ የኛ 220። አንድ ጊዜ፣ ገና ጎልማሳ ሳለሁ፣ ከዚራ ግቢ ውስጥ ሠርግ ነበር። ባለቤቱ ከውጭ ያስመጣውን ማጫወቻ እኔ ነኝ የሰካሁት፤ ገልብጬ ጀርባው ላይ የተጻፈውን አላነበብኩም። ሙሽሮቹ በር ላይ ደርሰዋል። መጀመሪያ ሽታው መጣ፣ ከዚያ ጭሱ። ባለቤቱ አንድም ክፉ ቃል አልተናገረኝም፣ እሱ ነው እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ። የተቃጠለውን ትራንስፎርመር ሦስት ቀን ቁጭ ብዬ ጠቀለልኩለት። ከዚያ ወዲህ ጀርባውን ሳላነብ የሰካሁት ዕቃ የለም።

አንተም ዕቃውን ገልብጠህ ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብብ። ለአንዳንድ አገር የተሠሩት ሳህኑን ስታነሣ ሥሩ የቮልት መምረጫ አላቸው፤ የጃፓኑ 100 ብቻ ከሆነ ያለ ትራንስፎርመር አይሆንም። ታይዋን ገበያ በብዛት የሚሸጠው 220ን ወደ 110 የሚያወርድ ነው፤ ለአሜሪካ ዕቃ ነው የሚመጣው። 110ን 100 ላይ ማስገባት ከጅምሩ 10 በመቶ ማሳለፍ ነው፣ የመብራቱ መውጣት መውረድ ሲጨመርበት ለአሮጌ ዕቃ ከባድ ይሆናል። 100 የሚያወጣ አስጠቅልል። አንዱ ማጫወቻ ከ15 ዋት በላይ አይበላም፣ ስለዚህ ትልቅ አያስፈልግህም፤ ለሁለቱ ባለ 100 ዋት በቂ ነው። ከፊቱ ስታብላይዘር አድርግ። ባለ 220 ቢሆንም ስታብላይዘሩ አይቅር።

ልትፈትሽ ስትሄድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ሂድ፣ ከተማው ሲተኛ። ሻጩ ቅር ቢለውም ለምነው። በዚያ ሙቀት ደህና የሠራ ማታ አያሳፍርህም። መጀመሪያ መርፌ የሚይዘውን ክንድ በሁለት ጣት ይዘህ በቀስታ ወደ ጎን ነካ ነካ አድርገው። ከሥሩ ቀጭ ቀጭ ካለ ኩሽኔታው ልል ነው፣ እሱን ማሠራት ከዕቃው ዋጋ ጋር ይቀራረባል፤ ተወው፣ አትከራከር። ክንዱ ደህና ከሆነ ሌላው ሁሉ ይሠራል። ሳህኑን አስነሣና ጠርዙ ላይ ያሉትን ነጥቦች ቀዩ መብራት ሲያበራቸው ተመልከት፤ ፒቹ ዜሮ ላይ ሳለ ትልልቆቹ ነጥቦች ቀጥ ብለው መቆም አለባቸው። ከዚያ ፒቹን ቀስ እያልክ ከላይ እስከ ታች ውሰደው። መሐል ላይ ነጥቦቹ ድንገት ከዘለሉ አቧራ ገብቶበታል። የኛ ከተማ ነፋስ ደቻቱን አቋርጦ ሲመጣ አሸዋውን ይዞ ነው፤ የተንሸራታቹ ስንጥቅ ደግሞ ክፍት አፍ ነው። ይህ ግን ዋጋ ማስቀነሻ ይሁንህ እንጂ አያስፈራህ፤ ተፈትቶ ይጸዳል፣ ባይሆንም ይቀየራል። ማታ ተሸፍኖ የሚያድር ማጫወቻ ላይ ይህን ችግር እምብዛም አላየሁም፤ የእናትህ ነጠላ ይበቃዋል።

የድምፁን ገመድም እይ። ማርክ 2 ላይ ገመዱ ከውስጥ የተበየደ ነው፣ በየሠርጉ ሲጠቀለልና ሲዘረጋ አንገቱ ላይ ይበጠሳል። አንዱ ስፒከር ዝም ካለ አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው። ስትገዛው ወደ እኔም ሆነ ወደ ሌላ ባለሙያ ውሰደውና እንደ አዲሶቹ ተነቃይ የሆነ የአርሲኤ ገመድ መሰኪያ ይሠራልህ፤ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ቀጭኗን የኧርዝ ሽቦ ሚክሰሩ ላይ ማሰር አትርሳ፣ ‹እምምም› የሚለው ድምፅ የሚመጣው በሷ መፈታት ነው።

ሁለቱም ክንዳቸው ልል ሆኖ ከተገኘ፣ ወይም ሻጩ አላስነካም ካለህ፣ ያለ ማመንታት ለወንድምህ ደውልለት። ሱቅ ሲሄድ የቴክኒክስን ማርክ 7ም ዋጋ ይጠይቅልህ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2010 ማምረት አቁሞ ብዙዎቻችንን አሳዝኖ ነበር፤ በ2016 ተመለሰና በ2019 ይህን ለዲጄ አወጣው። ገመዱ ተነቃይ ነው፣ ፒቹ እስከ 16 ይሄዳል፣ ወደኋላም ይዞራል። የትኛውም ቢሆን ዱባይ ላይ ካርቶኑ ሳይታሸግ የቮልቱን ጽሑፍ ፎቶ አንሥቶ ይላክልህ።

ሸክላዎቹን በባጃጅ ስታጓጉዝ ደግሞ ከኋላ ፀሐይ የሚመታው ቦታ ላይ አታስቀምጣቸው። በግንቦት ሙቀት ለአንድ ሰዓት የተተወ ሸክላ እንደ እንጀራ ይታጠፋል፤ አቁመህ እንጂ አጋድመህ አትደርድራቸው።

ጥያቄ፦ «ከሐረር ጁገል ነኝ። አክስቴ ከአሜሪካ የላኩልኝ ባለ ቺንጋ ሸክላ ማጫወቻ አለኝ። 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ገዝቼ ነው የምጠቀመው፤ አይሞቅም፣ አይሸትም። ግን የሴቶቹ ድምፅ ሁሉ የወንድ ይመስላል። ቺንጋውን ሁለት ጊዜ ቀየርኩ። ምን ላድርግ?»

መልስ፦ እህቴ፣ ቺንጋሽ ጤነኛ ነው። የአሜሪካ መብራት በሰከንድ 60 ጊዜ ነው የሚመላለሰው፣ የኛ 50። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርዳል እንጂ ይህን አይለውጥም። ያንቺ ዓይነት ማጫወቻ ደግሞ ሞተሩ ፍጥነቱን የሚወስደው ከመብራቱ ምልልስ ነው፤ ስለዚህ በደቂቃ 33 ከሲሶ ጊዜ መዞር ያለበት 28 እንኳ አይሞላም። ከላይ ለሳቢያኑ ልጅ ያልኩት ኳርትዝ ያለው ቢሆን ይህ አይነካውም ነበር።

መፍትሔው ሞተሩ ጫፍ ላይ ቺንጋው የሚያርፍበትን ትንሽ ጎማ የመሰለ ብረት መቀየር ነው። ነቅለሽ ብረት የሚቀርጽ ቶርኖ ቤት ውሰጂው፤ ውፍረቱ ካለበት 20 በመቶ የሚበልጥ፣ ቅርጹ ያው የሆነ ከነሐስ ይቅረጹልሽ። ዳር ለዳር ለክተሽ 10 ሚሊሜትር ከሆነ 12 ብለሽ ንገሪያቸው። መሐሉ ላይ ያለው ቀዳዳ ከሞተሩ ዘንግ ጋር ልክክ ይበል፣ ትንሽ ከተዛነፈ ዘፈኑ ይወዛወዛል።