የከረሜላና የቸኮሌት ስም ማስመዝገብ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ጣፋጭ ከምታመርቱ ወዳጆቼ የደረሱኝን ጥያቄዎች አንድ ላይ መለስኳቸው።

ጥያቄ፦ የንግድ ፈቃድ አለኝ። የከረሜላዬ ስም በዚያው አልተጠበቀም?

መልስ፦ አልተጠበቀም እህቴ። ፈቃድሽ ላይ ያለው የድርጅትሽ የንግድ ስም ነው። መጠቅለያው ላይ የምታትሚው ስምና ምስል ደግሞ የንግድ ምልክት ይባላል። እሱን የሚመዘግበው የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው፤ ሕጉም አዋጅ ቁጥር 501/1998 ነው። እባካችሁ፣ ማተሚያ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ስሙ አለመያዙን አጣሩ። አንድ ወዳጄ ስሙ የሌላ ሰው መሆኑን ያወቀው መጠቅለያውን አሳትሞ ከጨረሰ በኋላ ነው። ካርቶኖቹ እስካሁን በረንዳው ላይ ተደርድረዋል። ባየኋቸው ቁጥር ያንገበግበኛል።

ጥያቄ፦ «ጣፋጭ ቸኮሌት» ብዬ ላስመዝግብ?

መልስ፦ ብቻውን አይሆንም። ሌላውም አምራች ቸኮሌቱን ጣፋጭ ማለት አለበት። ራስህ የፈጠርከው ቃል ይሻልሃል።

ጥያቄ፦ ቸኮሌትም የተቆላ ኦቾሎኒም እሸጣለሁ። ምድባቸው አንድ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ምድብ ማለት ምልክት ሲመዘገብ ዕቃዎች የሚከፋፈሉበት ቁጥር ነው። ቸኮሌት፣ ከረሜላ፣ ብስኩት፣ አይስክሬምና ማር ምድብ 30 ናቸው። የተቆላ ኦቾሎኒና ማርማላታ ምድብ 29 ውስጥ ይገባሉ። ኦቾሎኒውን ቸኮሌት ካለበስከው ግን ወደ 30 ይመለሳል። የዕቃ ዝርዝሩን ስትጽፍ አትቸኩል፤ ጥበቃው የሚሄደው በዝርዝሩ ልክ ነው።

ጥያቄ፦ ቀለም ብቻውን ይመዘገባል?

መልስ፦ ከባድ ነው። ቸኮሌት አምራቹ ካድበሪ ሐምራዊ ቀለሙን እንግሊዝ አገር ሊያስመዘግብ ሲል ተፎካካሪው ኔስሌ ተቃወመው። እ.ኤ.አ. በ2013 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ለኔስሌ ፈረደ። ምክንያቱ የማመልከቻው አጻጻፍ ነበር፤ ቀለሙ የመጠቅለያው «ዋነኛ ቀለም» ነው ይል ስለነበር የት ድረስ እንደሚሄድ በግልጽ አይታወቅም።

ጥያቄ፦ ስሜን በአንድ ፊደል ብቻ ለውጦ የሚሸጥ አለ። መብት አለኝ?

መልስ፦ ካስመዘገብክ አለህ። ሸማቹን እስካሳሳተ ድረስ አንድ ፊደል መቀየር አያድነውም። ሁለቱን ከረሜላ ጎን ለጎን አስቀምጠህ ፎቶ አንሳ፣ የገዛህበትንም ደረሰኝ ያዝ። ሱቅ የሚላክ ሕፃን ፊደል አያነብም፣ የሚያውቀው ቀዩን መጠቅለያ ነው። ስለዚህ ስሙን ብቻ ሳይሆን ምስሉንም አስመዝግብ።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ያስመዘገብኩት ዲሲ ላይ ይሠራል?

መልስ፦ አይሠራም፤ ምዝገባ በየአገሩ ነው። አሜሪካ 10 ዓመት ይቆያል፣ የእኛ 7 ዓመት። ሁለቱም ይታደሳሉ። የእኛው የሚቆጠረው ካመለከትክበት ቀን ጀምሮ ስለሆነ ያንን ቀን ዛሬውኑ መዝግበህ አስቀምጥ።