ሳይታችሁ ለቆመባችሁ ልጆች

ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት ከእናንተ አንዱ ደወለልኝ። ሲቪል ምህንድስና ተምሮ ከወጣ 3 ዓመቱ ነው። «ጋሼ፣ ሳይቱ ተዘጋ» አለኝና ዝም አለ። እኔም የምለው ጠፋኝ። «አይዞህ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። አይዞህ ብቻውን ምን ያደርግለታል? ያን ጊዜ ያልነገርኩትን አሁን ለሁላችሁም ልጻፈው።

ሥራው የቀዘቀዘው በእናንተ ጥፋት አይደለም። ነሐሴ 2015 ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደበ። ገደቡ በኋላ ላላ እንጂ፣ ብድር ተማምኖ መሠረት ያወጣ ባለሀብት መሀል ላይ ቀረ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ደግሞ የምንዛሪ ዋጋው ለገበያ ተለቀቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ሊፍቱ ከውጭ ነው፤ ከማጠናቀቂያ ዕቃውም ብዙው ከውጭ ነው። በድሮ ዋጋ ውል የገባ ኮንትራክተር ከየት ያምጣ? ይህን የምዘረዝረው ሌሊት ላይ «ጎበዝ ብሆን ኖሮ አይቀንሱኝም ነበር» ስትሉ እንድታስታውሱት ነው።

እኔ ምህንድስና ተምሬ ከአምስት ኪሎ የወጣሁት በ1988 ነው። ሥራውን በቅጡ ሳልለምድ ግንቦት 1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ተነሳ። ካዛንቺስ አካባቢ እንሠራው የነበረው ባለ 5 ፎቅ ሕንፃ ሁለተኛው ሶሌታ፣ ማለትም የኮንክሪት ወለሉ፣ ላይ ቆመ። ባለቤቱ ገንዘቡን ያዘ። ቀን ሠራተኛው ተበተነ። የእኔም የአንድ ወር ደመወዝ ውስጥ ቀረ።

የመጨረሻው ቀን ፕላኖቹን ልሰበስብ ሄድኩ። ፎርማናችን ፎቁ ላይ ነበሩ። ከጣሊያን ግንበኞች ጋር ሠርተው ያደጉ ሽማግሌ ናቸው፤ ብረቱን ፌሮ፣ ወለሉን ሶሌታ፣ ኮንክሪት የሚሞላበትን ቅርጽ ካሳፎርማ የምንልባቸው ቃላት በእንደነሱ ዓይነት ሰዎች በኩል ነው የደረሱን። የተረፈች አንዲት ከረጢት ሲሚንቶ ቀደው፣ ባልዲ ውስጥ እንደ ቀጭን ገንፎ በጥብጠው፣ ከሶሌታው በላይ የቀረውን የኮለን፣ የምሰሶውን፣ ፌሮ በብሩሽ ይቀባሉ። አንዱን ጨርሰው ወደሌላው ያልፋሉ።

«ጋሼ፣ ሥራው ቆሟል እኮ። ለማን ብለው ነው?» አልኳቸው።

«ክረምት እየገባ ነው» አሉ ቀና ሳይሉ። «ይሄ ዝገት ከበላው ቀጥሎ የሚመጣው ሰው ምን ላይ ያስራል?»

ሌላ ብሩሽ አቀበሉኝ። 24 ኮለን ነበር፤ እያንዳንዱ 8 ፌሮ። እስኪመሽ ቀባን። ሲሚንቶው ጣቴን በልቶኝ ለሳምንት ያቃጥለኝ ነበር። ነገሩ ቀላል ሳይንስ ነው። ሲሚንቶ ብረትን ከዝገት ይጠብቃል፤ ሥራው ሲቀጥል በሽቦ ብሩሽ ይጠረግና ኮንክሪት ይሞላበታል። የሚከፍለን ሰው አልነበረም። እኔ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ ተስፋ ሲባል ትዝ የሚለኝ ያቺ ባልዲ ናት።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ሁለት ዓመታት ቀላል አልነበሩም፤ አልዋሻችሁም። ያገኘሁትን ሠራሁ። የግቢ አጥር፣ ሴፕቲክ ታንክ፣ የጣራ ጥገና። አንድ ቀን ኮተቤ ጉድጓድ እያስቆፈርኩ አብሮኝ የተማረ ልጅ በመኪና ሲያልፍ አየሁት። እንዳያየኝ ጎንበስ አልኩ። ዛሬም ሳስበው ይቆጨኛል። ምን አሳፈረኝ? ቦሌ በኩል ዋልካ መሬት ላይ የሠራሁት አጥር ክረምቱ ሲያልፍ ተሰነጠቀ። በራሴ ወጪ አፍርሼ መልሼ ሠራሁት። ዋልካ ውኃ ሲጠጣ እንዴት እንደሚያብጥ፣ ሲደርቅ እንዴት እንደሚሸሽ የገባኝ ያኔ ነው፤ ክፍል ውስጥ የጻፍኩት ማስታወሻ ያንን አላስተማረኝም። ስለዚህ ትንሽ ሥራ ከመጣ አትናቁት። ሴፕቲክ ታንክም ልክ አለው፤ በትክክል ሥሩት።

የቆመውን ሳይት ደግሞ ዝም ብላችሁ ጥላችሁ አትውጡ። የተሠራውን ለክታችሁ፣ አስፈርማችሁ፣ ፎቶ አንስታችሁ ያዙ። ገንዘብ ሲለቀቅ መጀመሪያ የሚጠየቀው ወረቀት ነው፤ ሰነድ የሌለው ሥራ እንዳልተሠራ ይቆጠራል።

ቤት ዘግታችሁ አትቀመጡ። ሥራ ሲጠፋ ሰው መራቅ ይመጣል፤ ቡና ግብዣ እንኳ «ሂሳብ ማን ይከፍላል» ብሎ መሸሽ አለ። እኔ ያገኘኋት እያንዳንዷ ሥራ በሰው አፍ ነው የመጣችው። ለቤተሰብም ንገሩ። እናቴ ሥራ መፍታቴን ከእኔ ሳትሰማ ከጎረቤት በመስማቷ ነው ያዘነችው። የቤት ኪራዩ ከከበደ ከጓደኛ ጋር ተዳበሉ። ደግሞም አብሯችሁ ለሠራው ብረት አሳሪ፣ ለፌራዮው፣ ለአናጢው ደውሉ። እናንተ ሳይት ሲዘጋ ዲግሪ ይዛችሁ ነው የምትወጡት። እሱ የዕለት እንጀራው ነው የሚቋረጥበት። ጥገና ስታገኙ መጀመሪያ እሱን ጥሩት።

መቼ ይቀጥላል ብትሉኝ ቀን አልቆርጥላችሁም። በ2001 መብራት በፈረቃ ሆኖ፣ ሲሚንቶ ጠፍቶ፣ ዳግም ሥራ ቆሞ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህም ስንት ሳይት ተከፍቶ አይቻለሁ። የሁለቱም ምስክር ነኝ።

የካዛንቺሱ ሕንፃ በ1993 ቀጠለ። እኔ ሌላ መሥሪያ ቤት ነበርኩ፤ ሰምቼ በምሳ ሰዓት ሄድኩ። ፌሮው በሽቦ ብሩሽ ተጠርጎ ብረቱ ንጹህ ሆኗል። ካሳፎርማው እየታሰረ ነው። ፎርማኑ ከላይ አዩኝና ወረዱ። እጃቸው ሲሚንቶ ስለነበር ክንዳቸውን ዘረጉልኝ፤ ክንዳቸውን ጨበጥኩ።

«ሜትርህን ይዘሃል?» አሉኝ።

ኪሴ ውስጥ ነበር።