ማተቧን ደብቃለች፣ ክዳለች ማለት ነው?

ጥያቄ፦ ከደብረ ብርሃን ነው የምጽፈው። አረብ አገር ቤት ሰራተኛ የሆነች እህቴን አሰሪዋ ማተቧን በጥሳ ጣለችባት፣ አዲሱን ቦርሳዋ ውስጥ ደብቃ ሽንት ቤት ገብታ ነው የምትጸልየው። ክጃለሁ ወይ፣ ጾሙንስ ምን ላድርግ እያለች በኢሞ ታለቅሳለች፣ ምን ልበላት?

መልስ፦ ኧረ አልካደችም በያት! ክር መደበቅና ክርስቶስን አላውቀውም ማለት ለየቅል ናቸው። ጌታ ራሱ ማቴዎስ 10፥23 ላይ በአንዱ ከተማ ሲያሳድዷችሁ ወደ ሌላው ሽሹ ብሏል እኮ። በ1929 ግንቦት ላይ ግራዚያኒ ያስረሸናቸውን የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት፣ እዛው እናንተ አጠገብ እንገጫ ላይ ያለቁትን ዲያቆናት እያሰበች ከሆነ ራሷን የምትወቅሰው፣ እነሱ የተረሸኑት ግራዚያኒ ላይ በተጣለው ቦምብ እጃችሁ አለበት ተብለው ነው፣ እሷንም እኮ እስካሁን ሃይማኖትሽን ካጂ ያላት የለም። (ሽንት ቤት ውስጥ አይጸለይም የሚሏትንም አትስማ፣ ዮናስ ከዓሣ ሆድ ነው የጸለየው።) ካጂ ካሏት ግን እምቢ ትበል፣ ኮንትራቱ ይቅርባት፣ ብቻ ፓስፖርቷ የት እንዳለ ካሁኑ ትወቅ። የጾሙን ነገር የንስሐ አባቷን አማክሪላት።