እሽክርክሪቷ ለምን ትንገዳገዳለች? የቶርኖ ወዳጆች ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ሰላም ለአዘጋጁ። ቤቴ ውስጥ ትንሽ ቶርኖ፣ ማለትም እንጨት እያዞረ በመሮ የሚያስቀርጽ ማሽን፣ አለኝ። ለልጆቼ የምሠራት እሽክርክሪት ስትታይ ታምራለች፣ ስትሽከረከር ግን ትንቀጠቀጥና ወዲያው ትወድቃለች። ችግሩ እንጨቱ ነው ወይስ እጄ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው፦ ሥራውን መሃል ላይ ከቻኩ (እንጨቱን ጨብጦ ከሚያዞረው የቶርኖው ክፍል) አውጥተህ፣ ገልብጠህ እንደገና ታስረዋለህ? እንደዚያ ከሆነ ምክንያቱ እሱ ሳይሆን አይቀርም። አንዴ የወጣ እንጨት ወደ ቀድሞ መሃሉ በትክክል አይመለስም። የግማሽ ሚሊሜትር መዛነፍ ለወንበር እግር ምንም አይደለም፣ ለእሽክርክሪት ግን ብዙ ነው። ስለዚህ ሳታወጣት በአንድ እስር ጨርሳት።

እኔ መሬት የሚነካውን ጫፍ በነጻው በኩል፣ መያዣዋን ደግሞ በቻኩ በኩል ማድረግ እመርጣለሁ። እንዲህ ሲሆን ጫፉ ቶርኖው ላይ እየዞረ ተስተካክሎ ያልቃል፤ ስትቆረጥ የሚሻክረው የመያዣው ጭራ ብቻ ነው፣ እሱን በእጅ በብርጭቆ ወረቀት ማሳመር ቀላል ነው። መያዣውን ግን መጨረሻ ላይ አቅጥነው። ቀድመህ ካቀጠንከው ከፊቱ ያለው ክብደት ያርገበግበውና ቀንጥሶት ይሄዳል።

ቅርጿንም እይ። ክብደቷ ወደ ታችና ወደ ዳር መሆን አለበት። ክብደቱ ከመሃል ሲርቅ የሰጠሃትን ዙር ለረጅም ጊዜ ትይዛለች፣ ወደ መሬት ሲጠጋ ደግሞ ስታዘነብል ቶሎ አትገለበጥም። ወርዷ ከ4 እስከ 5 ሴንቲሜትር ቢሆን፣ ሆዷ ከመሬት ብዙ ባይርቅ፣ መያዣዋ ደግሞ 5 ወይም 6 ሚሊሜትር ቢወፍር ጥሩ ነው። መያዣው ቀጭን ሲሆን በዚያው የጣት ጥምዘዛ ብዙ ዙር ታገኛለህ፤ ብዙ ሰው ወፍራም መያዣ የሚተወው እንዳይሰበር ፈርቶ ነው፣ በዚያ ግን ፍጥነቷን ይቀንስባታል። ጫፏን እንደ መርፌ አታሹላት። በጣም የሾለ ጫፍ ቶሎ ይፈጫል፣ ሲፈጭም ወደ አንድ ጎን ነው። ትንሽ ድቡልቡል አድርገው።

እንጨቱም ድርሻ አለው። በአንድ ጎኑ ጉጥ ያለበት እንጨት በዚያ በኩል ይከብዳል፣ ቅርጹ ክብ ቢሆንም ሚዛኑ የተዛባ ነው። ጉጥ የሌለው፣ በደንብ የደረቀ፣ ክሩ ጥቅጥቅ ያለ እንጨት ምረጥ።

ጥያቄ፦ ስቀርጽ ከእንጨቱ የሚወጣው ፍቅፋቂ እጄን ያቃጥለኛል። ጓንት ባደርግስ?

መልስ፦ በፍጹም። የሚዞር እንጨት ጓንቱን ከያዘ እጅህን ይዞ ነው የሚሄድ። እጅጌህን ሰብስብ፣ ሻርፕና የአንገት ሐብል አውልቅ፣ የፊት መከላከያ አድርግ። በብርጭቆ ወረቀት ስታለሰልስም የመሮ ማሳረፊያውን አንሳው፣ ጣት በእሱና በእንጨቱ መሃል እንዳይገባ። የሰጋቱራው ብናኝ ለሳንባ አይበጅምና ማስክ አትርሳ።

ጥያቄ፦ ቶርኖ ከጀመርኩ ብዙም አልቆየሁም። መሮው ድንገት እንጨቱን ይነክሰውና ቦጭቆ ይጥለዋል። አሁንማ ማሽኑን ለማስነሳት ራሱ እየፈራሁ ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ አይዞሽ፣ ይሄ ሁሉም ጀማሪ የሚያልፍበት ነው፤ ምክንያቱ ታውቆ የሚስተካከልም ነው። መሮ የሚነክሰው ስለቱ ድጋፍ ሳያገኝ እንጨቱን ሲነካ ነው። የመሮሽን ጫፍ ቀረብ አድርገሽ እዪው። ከስለቱ ጀርባ የተሞረደ ተዳፋት አለ። መጀመሪያ እንጨቱን መንካት ያለበት ያ ተዳፋት እንጂ ስለቱ አይደለም።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። መሮውን ማሳረፊያው ላይ አስቀምጪ፣ ገና እንጨቱ ጋ ሳይደርስ። ከዚያ ተዳፋቱን እንጨቱ ላይ አሳርፊው፤ መሻሸቱ ይሰማሻል፣ ግን ምንም አይቆርጥም። አሁን እጀታውን ቀስ አድርገሽ ወደ ላይ አንሺ። ስለቱ ዝቅ ብሎ ሲነካ ቀጭን፣ የተጠቀለለ ፍቅፋቂ መውጣት ይጀምራል። ደረቅ ዱቄት ብቻ የሚወጣ ከሆነ ወይ መሮው ደንዟል ወይ እየፋቅሽ ነው እንጂ እየቆረጥሽ አይደለም። ደንዞ ከሆነ አቁመሽ ሳዪው። የደነዘ መሮ መግፋት ይፈልጋል፣ የሚገፋ እጅ ደግሞ መቆጣጠር ያቅተዋል።

ሁልጊዜም ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ቁረጪ። ሽቅብ ከሄድሽ የእንጨቱን ክር እየሰነጠቅሽ ነው። ማሳረፊያው ከእንጨቱ ከ3 እስከ 5 ሚሊሜትር ይራቅ፣ ማሽኑን ከማስነሳትሽ በፊትም እንጨቱን በእጅሽ አንድ ዙር አዙሪው። ለ4 ሴንቲሜትር እንጨት በደቂቃ 1000 ዙር አካባቢ ጀምሪ፤ ክብ ከሆነና እጅሽ ከለመደ በኋላ 2000 ማድረስ ትችያለሽ።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ አያት ነኝ። የልጅ ልጄ ጥርስ እያበቀለች ነው። በቶርኖ ቀለበቶች ያሉት ቅጭልጭል ልሠራላት አስቤያለሁ፤ ምን ልቀባው?

መልስ፦ አባቴ፣ ከቅቡ በፊት ስለ መጠኑ ልንገርዎት፤ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ከ3 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች በሚሠራ መጫወቻ ላይ በብዙ አገር የሚታወቅ መለኪያ አለ፦ 31.7 ሚሊሜትር ስፋት ያለው አጭር ሲሊንደር። ሙሉ በሙሉ ውስጡ የሚገባ ነገር ሕፃን ሊያንቅ ይችላል። መጫወቻው ብቻ ሳይሆን ተሰብሮ የሚወጣው ቁራጭም እንደዚያው ነው።

ከዘንጉ ላይ ሳይወጡ የሚፈለፈሉት ቀለበቶች ደካማ ጎን አላቸው። የእንጨቱ ክር ቀለበቱን አቋርጦ ስለሚያልፍ ቀጭን ከሆነ በቀላሉ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ወፈር ያድርጓቸው፣ ሲጨርሱም በእጅዎ አጥብቀው ይሳቡ፣ ይጠምዝዙ። በእርስዎ እጅ የሚሰበር ከሆነ ለልጅቷ አይሰጥም። በሙጫ የተጣበቀ ዶቃ ወይም ዓይን ባይጨምሩበት እመርጣለሁ። ዳሩን ሁሉ ያድቦልቡሉት፤ በብርጭቆ ወረቀት ከሻካራው ቁጥር 120 ጀምረው በ180 እና በ240 አልፈው እስከ ለስላሳው 320 ይድረሱ።

ቅቡን በተመለከተ፣ እንጨቱ ጠንካራና ክሩ ጥቅጥቅ ያለ ከሆነ ባዶውን ቢተዉትም ችግር የለውም። ካማረዎት ንጹሕ የንብ ሰም ይበቃል። የለውዝና የመሳሰሉት ፍሬዎች ዘይት አለርጂ ሊያስነሳ ስለሚችል ይቅር። የተልባ ዘይት ቢያስቡ፣ «የተፈላ» ተብሎ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ማድረቂያ ብረት ነክ ኬሚካል አለበትና ለሕፃን አፍ አልመክረውም። ንጹሑ ይሆናል፣ ግን ለመድረቅ ሳምንታት ሊወስድበት ይችላል። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ደግሞ ተጨማድዶ ከተቀመጠ ራሱን አግሎ እሳት ሊያስነሳ ይችላል፤ ውጭ ዘርግተው ያድርቁት ወይም ውኃ ውስጥ ይንከሩት። ቅጭልጭሉ ሲቆሽሽ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ፣ ውኃ ውስጥ አይዘፍዘፍ። በየጊዜው እያዩም ስንጥቅ ካገኙበት ያንሱት።