ጥያቄና መልስ፦ ልጄ በትምህርት ቤት የምትማረው ነገር

ጥያቄ፦ በኮምቦልቻ የምኖር፣ የ12 ዓመት ልጅ እናት ነኝ። በትምህርት ቤቷ ስለ ወር አበባና ስለ እርግዝና ማስተማር ተጀምሯል፤ ይህ ያላሰቡትን ነገር አያነሳሳባቸውም?

መልስ፦ እህታችን፣ ስጋትዎ የብዙ ወላጆች ነው፤ ሆኖም ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተመው መመሪያ የተገመገሙት ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ እንዲህ ያለው ትምህርት ወጣቶች ወሲብን ቀድመው እንዲጀምሩ አያደርግም። በሴት ልጆች ላይ የአካል ለውጥ በአብዛኛው ከ8 እስከ 13 ዓመት ባለው ጊዜ ስለሚጀምር፣ ትምህርቱ ለልጅዎ አልፈጠነባትም፤ እንዲያውም ለአንዳንድ የክፍል ጓደኞቿ ሳይዘገይ አልቀረም። አስቀድሞ ያልተነገራት ልጅ የመጀመሪያውን ደም ስታይ የታመመች ሊመስላትና ከትምህርት ልትቀር ትችላለች። ይልቅ መምህሯን ቀርበው የትምህርቱን ይዘት ይጠይቁ፤ ያልፈለጉትን ንክኪ እምቢ ማለትና ለማን እንደሚነገር ካልተካተተ፣ እንዲጨመር ያሳስቡ። የቤታችሁንና የሃይማኖታችሁን ሥርዓት ግን ከእርስዎ አንደበት ትስማው።