ስሎፕ የሌለው መስመር፦ ኤክስ = 4 ከየት ይመጣል?

«በ(4፣ −1) እና በ(4፣ 7) የሚያልፈውን መስመር እኩልታ በዋይ = ኤምኤክስ + ቢ ልሠራ ስል ስሎፑ 8/0 ሆነብኝ፤ ቀጥሎ ምን ላድርግ?» ላልሽው እህቴ፣ እስከዚያ የሠራሽው ልክ ነው። 7 − (−1) = 8፣ 4 − 4 = 0። የስሎፕ ቀመር (የዋይ ለውጥ ለኤክስ ለውጥ ሲካፈል) እዚህ ላይ አይሠራም፤ በ0 ማካፈል አይቻልምና። መስመሩ ግን አለ፣ እኩልታውም ኤክስ = 4 ነው።

መስመሩ ላይ ያሉ ነጥቦችን ደርድሪ፦ (4፣ −1)፣ (4፣ 0)፣ (4፣ 2.5)፣ (4፣ 100)። ዋይ እንዳሻው ይለዋወጣል፤ ኤክስ ከ4 ንቅንቅ አይልም። እኩልታ የሚናገረው መስመሩ ላይ ያሉ ነጥቦች ሁሉ የሚያሟሉትን፣ ከመስመሩ ውጭ ያሉት ደግሞ የማያሟሉትን ነገር ነው። እዚህ ያ ነገር «ኤክስ 4 ነው» ብቻ ነው። ዋይ እኩልታው ውስጥ ያልገባው ምንም ገደብ ስለሌለበት ነው እንጂ 0 ስለሆነ አይደለም። ይህን ያልለየ ተማሪ (4፣ 0) ላይ አንድ ነጥብ አስቀምጦ ይተወዋል፣ ወይም «ኤክስ አክሲስ አግድም ነው» ብሎ አግድም መስመር ይሥላል። ሁለቱንም የሚያርመው ሦስት ነጥብ መደርደር ነው። ዋይ አክሲስ ራሱ ኤክስ = 0 መሆኑንም አስታውሺ።

በዋይ = ኤምኤክስ + ቢ ያልመጣልሽ ያ ቅርጽ ለአንድ ኤክስ አንድ ዋይ ብቻ ስለሚሰጥ ነው። ያንቺ መስመር ኤክስ 4 ላይ ማለቂያ የሌላቸው ዋዮች አሉት። ስለዚህ ፋንክሽን አይደለም፤ ኤምና ቢን ብትቀያይሪም አይገኝም።

8/0ን 0 ብለሽ እንዳትጽፊ። 0 ስሎፕ የአግድም መስመር ነው፤ ዋይ = −1 ይወጣልሽና (4፣ 7) አያሟላውም። «ኢንፊኒቲ ነው» ማለትም አያዋጣም። ሁለተኛውን ነጥብ በጥቂቱ ወደ ቀኝ ገፍተሽ (4.01፣ 7) ብታደርጊው ስሎፑ 800 ይሆናል፤ ወደ ግራ ገፍተሽ (3.99፣ 7) ብታደርጊው −800። ከሁለቱ ወገን ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚሸሽ አንድ የምንሰጠው ዋጋ የለም። መልሱ «ስሎፑ አይተረጎምም» ነው።

ማካፈል የሌለበት ቀመር ከፈለግሽ ይህን ያዢ፦

(ዋይ − ዋይ1)(ኤክስ2 − ኤክስ1) = (ዋይ2 − ዋይ1)(ኤክስ − ኤክስ1)

የአንቺን ቁጥሮች ስናስገባ (ዋይ + 1) × 0 = 8(ኤክስ − 4)፣ ማለትም 0 = 8(ኤክስ − 4)፣ ስለዚህ ኤክስ = 4። ነጥቦቹ የተለያዩ እስከሆኑ ድረስ ይህ ለየትኛውም መስመር ይሠራል። እኔ ከስሎፕ ቀመር አስበልጠዋለሁ። ያም ሆኖ ገና ከመነሻው ሁለቱን ኤክሶች ማየት ይቀድማል፤ እኩል ከሆኑ ሌላ ስሌት አያስፈልግም።

ፈተና ላይ ብዙ ነጥብ የሚያስጥለው ፐርፐንዲኩላር (በ90 ዲግሪ የሚያቋርጥ) መስመር ነው። «የስሎፖቹ ብዜት −1 ነው» የሚለው ሕግ ሁለቱም ስሎፕ ሲኖራቸው ብቻ ነው የሚሠራው። ለኤክስ = 4 ፐርፐንዲኩላር ሆኖ በ(1፣ 2) የሚያልፈው ዋይ = 2 ነው፤ በዚያው ነጥብ የሚያልፈው ፓራለሉ (ከኤክስ = 4 ጋር ፈጽሞ የማይገናኘው) ደግሞ ኤክስ = 1። ከ(−3፣ 5) እስከ ኤክስ = 4 ያለው ርቀት የኤክሶቹ ልዩነት ነው፣ 7፤ 5ቱ ስሌቱ ውስጥ አይገባም።

ሌላም ዓይነት ጥያቄ አለ፦ (ኬ + 1)ኤክስ + (ኬ − 2)ዋይ = 6 እንደ ኤክስ = 4 ያለ ቋሚ መስመር የሚሆነው ኬ ስንት ሲሆን ነው? የዋይ አባዢ 0፣ የኤክስ አባዢ ደግሞ 0 ያልሆነ መሆን አለበት። ኬ = 2 ስናደርግ 3ኤክስ = 6፣ ማለትም ኤክስ = 2። ኬ = −1 ብሎ የመለሰ ተማሪ ያገኘው ዋይ = −2ን፣ አግድሙን ነው።